ወረፋ የያዘው ቸርኬ

ማለዳ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ይታዘቡኝ ይሆናል። ስለ ላንጋኖ አሸዋ፣ ስለ ጣና ደሴቶች፣ ስለ ባሌ ቅዝቃዜ ስንት ገጽ ያስነበብኳችሁ ሰውዬ ዛሬ ቦርሳዬን አንግቼ የወጣሁት ወደ መርካቶ ነው። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ፣ "ለመርካቶ ደግሞ ማስታወሻ ደብተር ይዞ የሚሄድ አለ?" ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ቆርጫለሁ። ሰው የገዛ ከተማውን አንድ ቀን እንደ እንግዳ ቢያየው ምን ይለዋል?

ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆነጥጣል። ዋናው መንገድ ዳር አንድ ነጭ አይሱዙ ቆሟል። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ጀሪካን፣ ድስትና ዱቄት እስከ አፉ ተጭኖበት በሸራ ታስሯል። ባለፈው ሳምንት መርካቶ ውስጥ ከሰባተኛ በታች በተነሳው እሳት ቤት ንብረታቸው ለነደደባቸው ሰዎች እኛ የድሮ የክፍል ጓደኞች አዋጥተን የገዛነው ነው።

ሾፌሩ ተካ ይባላል። ከጥርሱ መሀል ስንጥር የማይጠፋ፣ ነገር የሚወድ ወጣት ነው።

"ጋሼ፣ ጋቢናው የእርስዎ ነው፣ ይግቡ" አለኝ። "ግን እውነት ስለ እኛ ሰፈር ሊጽፉ ነው? ሐይቅ የለን፣ ዝንጀሮ የለን።"

"መርካቶ ነው የተወለድከው?"

"እትብቴ ሰባተኛ ነው የተቀበረው። ከፈለጉ ቦታውን አሳይዎታለሁ፤ አሁን ፎቅ ቆሞበታል።"

ስለ ራሴ አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ያስፈልጋችኋል። እኔ ወረፋ አክባሪ ነኝ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው ሲሾልክ ካየሁ ደሜ ይፈላል። ባንክ ቤት ገብቶ "አንድ ነገር ልጠይቅ ብቻ" እያለ ወደፊት የሚገፋ ሰው ጠላቴ ነው። የክፍል ጓደኞቼ "አስተናባሪው" ይሉኛል፤ ለመቀለጃ ያወጡልኝን ስም እኔ እንደ ማዕረግ ይዤው ኖሬያለሁ። ስለዚህ ሥራ ስንከፋፈል የብርቱካን ቀለም ያለው ሰደርያና ድምፅ ማጉያው ለእኔ መድረሳቸው ማንንም አላስገረመም። ማታ መስታወት ፊት ቆሜ ሰደርያውን ለክቼዋለሁ። ይህን ማንም አላየም ነበር፤ እነሆ እናንተ አወቃችሁ።

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ

አራት ኪሎን በደህና አለፍን። ፒያሳ ላይ የማውቃቸው ሱቆች ቦታ ሰፊ መንገድ ሆኖ ስለጠበቀኝ የት እንዳለሁ ለማወቅ ትንሽ ግራ ተጋባሁ። ቁልቁል ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስንወርድ መኪናው ቆመ። ግራ ቀኙ ሚኒባስ ነው፤ መሀል ላይ ብረት የጫነ ጋሪ ተጋድሟል። ረዳቶች ግማሽ አካላቸውን በመስኮት አውጥተው "መርካቶ! መርካቶ! ሁለት ሰው የቀረው!" ይላሉ፤ ውስጥ ግን ለአንድ ሰው እንኳ ቦታ የለም። አንድ ተሸካሚ ከራሱ ሦስት እጥፍ የሚሆን የካርቶን ክምር አዝሎ በመኪኖቹ መሀል እየተሹለከለከ ያልፋል። ፊቱ አይታይም፤ "መንገድ! መንገድ!" የሚለው ድምፁ ብቻ ይሰማል።

ተካ በመስኮት እጁን ዘርግቶ ከአንዲት ሴት ትኩስ ፓስቲ ገዛ። ዘይቱ በጋዜጣው አልፎ ጣቴን አቃጠለኝ። ቀምሼው የማላውቅ ይመስል ሁለት በላሁ።

"እሳቱ ዕለት እዚህ ነበርክ?" አልኩት።

"ኧረ ተዉኝ ጋሼ። የእናቴ ቤት ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሁሉም የየራሱን ቦንዳ እያወጣ ይወረውራል፤ ያለቅሳል፣ ይሳደባል። ወንድምና ወንድም ተላልፈው አይተዋወቁም።"

"የተጎዳ ሰውስ?"

"እግዜር ይመስገን፣ የነደደው ዕቃ ነው። ሰው በእግሩ ወጥቷል።"

'ሰው በእግሩ ወጥቷል' የምትለዋን ደብተሬ ላይ ጻፍኳት። ለጽሑፌ ጥሩ መክፈቻ ትሆናለች ብዬ ነበር።

ሰባተኛ

ሰባተኛ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። በመንገዱ በአንድ በኩል የሱቅ በሮች እየተንኳኩ ይከፈታሉ፤ ነጋዴው ጨርቅ ይዘረጋል፣ ሊስትሮው ሳጥኑን ይመታል፣ ከሬዲዮ ዘፈን ይወጣል። በሌላው በኩል የተጨማደደ ቆርቆሮ፣ የጠቆረ ግድግዳና እርጥብ አመድ ነው። ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። ሁለቱን የሚለያቸው የአንድ መኪና ስፋት ነው።

የምናከፋፍለው አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። የሰፈሩን በጎ ፈቃደኞች የምታስተባብረው ሰላማዊት በር ላይ ተቀበለችን። ሳምንቱን ሙሉ ስትጮህ ከርማ ድምፅዋ ዘግቷል፤ ዓይኖቿ እንቅልፍ ያጡ ናቸው። ዕቃው እንዳይረጥብ ብለን ከደረጃው በላይ ያለው በረንዳ ላይ አራገፍነው። ደረጃው ቁመታም ነው፤ ፍራሽ ተሸክመን ስንወጣ ጉልበቴን አመመኝ። ከዚያ በላይ ስለ ደረጃው ያሰብኩት ነገር የለም።

ወረፋው ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። ከግቢው በር ጀምሮ በአጥሩ ጥግ ተዘርግቷል። የቆመው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ የቀረው ዕቃ ነው። ድንጋይ፣ ግማሽ ጡብ፣ አንድ እግር ጫማ፣ አሸዋ የተሞላ የዘይት ጀሪካን፣ ቂጡ የተበሳ ድስት።

ወረፋ በድንጋይ መያዝን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ወይም ነጭ ጋዝ ሲጠፋ ማታ ድንጋይህን አስቀምጠህ ትተኛለህ፤ ጧት ሄደህ ከድንጋይህ አጠገብ ትቆማለህ። የሰው ድንጋይ መግፋት ነውር ነው። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ነገሩን የምቆጥረው እንደ ማጭበርበር ነው። የመጣ ይቁም፤ ያልመጣ ምን ብሎ ይይዛል?

"ባለፈው ስናከፋፍል ደላሎች ድንጋይ ደርድረው ወረፋ ሸጡ" አለችኝ ሰላማዊት። "ዛሬ ምን እንደማደርግ ጨንቆኛል።"

"ለእኔ ተይው" አልኳት።

ሰደርያዬን ለበስኩ፤ ማጉያውን ከፈትኩ። "ድንጋይ ብርድ ልብስ አይለብስም!" አልኩ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሳቃቸው ልቤን አሞቀው። "ወረፋ የሚፈልግ ሰው በእግሩ ይቁም! ለሌላ ሰው መያዝ ክልክል ነው!"

ቅርብ የነበሩት ሮጠው ከየድንጋያቸው አጠገብ ቆሙ። ሰው ያልመጣበትን ሁሉ እየለቀምኩ ቦይ ዳር ከመርኩት። ተካና አንድ ወጣት በጎ ፈቃደኛ ያግዙኛል። ከበሩ ብዙም ሳይርቅ፣ ከፊተኞቹ መሀል፣ አንድ የጎማ ቸርኬ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ላስቲኩ ነዶ አልቋል፤ የቀረው ከእሳት የጠቆረ ክብ ብረት ነው። የብስክሌት መሰለኝ። አንስቼ ልወረውረው ስል አንዲት ነጠላዋን ያጣፋች ሴትዮ እየሮጠች መጣች።

"ተው! እሱን አትንካ፣ የሰው ነው!"

"የሰው ከሆነ ባለቤቱ ይምጣ፣ እትዬ።"

"መጥታ መቆም ብትችልማ..."

"ሁሉም የየራሱ ችግር አለው" አልኩ፤ ማጉያውን ከአፌ አላወረድኩትም። የእኔ ድምፅ መንገዱን ሞላው፤ የእሷ የት እንደገባ እንጃ።

"እንግዲያው እኔ ልቁምላት።"

"የእርስዎ ቤት ተቃጥሏል?"

"የእኔስ ተርፏል።"

"ታዲያ ወረፋውን ለተጎዳ ሰው ይልቀቁ።"

ሴትዮዋ አዝና እንደሄደች አንድ ቁራሌ ጆንያውን በትከሻው አንጠልጥሎ "ያለው ብረት፣ ያለው ቆርቆሮ!" እያለ አለፈ። ጠራሁትና ቸርኬውንና የተበሳውን ድስት በነጻ ሰጠሁት። እጅ ነስቶኝ ሄደ። አጥሩ ጥግ ጸዳ፤ ወረፋው ቀጥ አለ። ደስ አለኝ። ይህን ቃል ልሰርዘው አስቤ ነበር፤ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ረፋድ፣ በረንዳው ላይ

ማከፋፈሉ አማረ። ግፊያ የለም፣ ጩኸት የለም፤ አንዱ ሲወርድ አንዱ ይወጣል። እናቶች መረቁን። አንድ ሽማግሌ ግንባሬን ሳሙኝ። ሰላማዊት በተዘጋ ድምፅዋ፣ "እንዲህ በሥርዓት አከፋፍለን አናውቅም" አለችኝ። ለጓደኞቼ የሚላክ ፎቶ ተነሳሁ፤ ማጉያውን ይዤ ነው።

ከቀትር በፊት ዕቃው አለቀ። ሁለተኛው ጭነት ነገ ጧት ይደርሳል ተባለና የቀረው ሰው ተበተነ። ተካና እኔ ከግቢው ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጠን ሻይ አዘዝን። ጽሑፌ እዚህ ጋ የሚያልቅ መስሎኝ መጨረሻውን በልቤ እያበጀሁ ነበር።

ያቺ ሴትዮ መጥታ ፊቴ ቆመች። ስሟ እትዬ ብርቄ እንደሆነ ከተካ ሰማሁ፤ የእናቱ ወዳጅ ናት።

"ጨረስክ?" አለችኝ።

"ጨረስን፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ተነስና ተከተለኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። አንተ አጥሩን ነቅንቀሃል፤ ባለቤቷን ደግሞ እያት።"

ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ተካ ስንጥሩን ከአፉ አውጥቶ ጣለና ተከተለን።

ከሰዓት፣ ከተቃጠለው ረድፍ ጀርባ

በተቃጠሉት ሱቆች መሀል አልፈን ወደ ውስጥ ገባን። መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። በአንድ ወገን ክፍት ቦይ አለ፤ በላዩ ላይ የተጋደመ ሳንቃ ስንሻገር ይንቀጠቀጣል። ከዚያ የተሸራረፈ የድንጋይ ደረጃ ወርደን እትዬ ብርቄ ቤት ደረስን። አንድ ክፍል ነው።

ሲሚንቶው ላይ በተነጠፈ ካርቶን አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ሻሿን ወደኋላ አስራ፣ ከጎኗ የሸሚዝ ክምር አስቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። ሁለቱ እግሮቿ ቀጭን ናቸው፤ ከቀሚሷ ሥር ወደ አንድ ጎን ታጥፈዋል። ዘምዘም ትባላለች። ቤቷ ከተቃጠለው ረድፍ ጀርባ የነበረ ነው፤ ከእሳቱ ወዲህ እትዬ ብርቄ አስጠግታታለች።

"ይግቡ ጋሼ፣ ቤት ለእንግዳ" አለችኝና ሳቀች። ከዚያ እጄን አየች፤ ከኋላዬ ያለውን የተካንም እጅ አየች። "ቸርኬዬን ይዘውልኝ አልመጡም?"

"የምን ቸርኬ?" አልኩ፤ የምን እንደሆነ እያወቅሁ።

የነገረችኝ ይህ ነው። እሳቱ ሲነሳ አንድ የሰፈር ተሸካሚ ገብቶ በጀርባው አወጣት። "እንደ ቦንዳ ነው የወጣሁት ጋሼ፤ ወላሂ፣ 'መንገድ! መንገድ!' እያለብኝ" ብላ አሁንም ሳቀች። ተሽከርካሪ ወንበሯ ግን ውስጥ ቀረ። እሳቱ ሲጠፋ ከአመዱ የተገኙት ሁለቱ ቸርኬዎች ብቻ ናቸው። ምናለሽ ተራ ያለ አንድ ብረት ሠራተኛ አይቷቸው፣ "እነዚህ ካሉማ ወንበሩን መልሼ እሠራዋለሁ" አላት። አንዱን ለልክ ወሰደ። ሁለተኛው ለአንድ ሌሊት ወረፋ ሊይዝላት ቀረ።

"ለምን ድንጋይ አላስቀመጣችሁም?" አልኩ። ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት።

"ድንጋይማ ይገፋል" አለች እትዬ ብርቄ። "የእሷን ጎማ ግን ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቀዋል። እሱን የሚነካ ሰው ይኖራል ብለን አላሰብንም።"

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የለበስኩት ሰደርያ ትዝ አለኝና አውልቄ ጠቀለልኩት፤ የት እንደማደርገው ግን ጠፋኝ።

"ለቁራሌው ነው የሰጠሁት" አልኩ።

የዘምዘም መርፌ ቆመ። ቦርሳዬ ውስጥ የታሸገ ውሃ ነበረኝ፤ ሌላ የማደርገው ሲጠፋኝ አውጥቼ ዘረጋሁላት።

"አልጠማኝም ጋሼ፣ ይቆይልኝ።"

"ጠምቷታል" አለች እትዬ ብርቄ፤ ነገር የምትሸፍን ሴት አይደለችም። "ሽንት ቤቱ ከሳንቃው ማዶ ነው። አዝዬ ስወስዳት ወገቤን እንደሚያመኝ ስላየች ውሃ መጠጣት ትታለች። ከእሳቱ ወዲህ በጉንጭ በጉንጭ ነው የምትኖረው።"

ዘምዘም ፊቷን ወደ ሸሚዙ መለሰች። ጆሮዬ ጋለ። ጧት ባደረስነው ጭነት ውስጥ ስንት ድስት፣ ስንት ጀሪካን ነበር! የመጸዳጃ ነገር ግን ከማናችንም አፍ አልወጣም። ያን ሁሉ ስናወጣ ስናወርድ ሁላችንም ያየነው ሮጦ የሚመጣ፣ ደረጃ የሚወጣ፣ በትከሻው ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ነው።

"የእሷ ብቻ አይደለም" አለችኝ እትዬ ብርቄ በሩ ላይ ስትሸኘኝ። "ግማሽ ጡቡ የጋሽ ወልዴ ነው፤ ዓይነ ስውር ናቸው። መሪያቸው እስኪመጣ ነበር ያስቀመጡት። ቢመጡ ጡባቸውን በእጃቸው ቢዳስሱ የት ያግኙት? ጫማዋ ደግሞ የአንዲት አራስ ናት።"

ግንባሬን የሳሙኝ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። ግንባሬን ልጠርገው ምንም አልቀረኝም።

ምናለሽ ተራ

"እንፍጠን ጋሼ፣ ቁራሌው የሚሸጠው ምናለሽ ተራ ነው" አለ ተካ። መኪናውን አቁመን በእግር ሄድን። በዚህ መንገድ ላይ ምን እንዳለ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር፤ የቅመም ተራውን ሽታ፣ የቆርቆሮውን ብልጭታ፣ የሰውን ፊት። አላየሁትም። ያየሁት ክብ ነገር ብቻ ነው። የበርሜል ክዳን፣ የተሰቀለ ወንፊት፣ የመኪና ጎማ፤ ክብ በሆነ ቁጥር ልቤ ይዘላል።

ምናለሽ ተራ ከመድረሳችሁ በፊት መዶሻው ይሰማችኋል። ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል፣ ብረት ይቆረጣል፣ የዘይት በርሜል ባልዲ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ ጫማ ይሆናል። እዚህ የሚጣል ነገር የለም። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን አድንቄ አንድ ገጽ እሞላ ነበር።

አሮጌ ብረት የሚገዛውን ነጋዴ አገኘነው።

"የጠቆረ ቸርኬ? አዎ፣ ጧት መጥቶልኛል። ጀማል ወሰደው" አለ በአገጩ እየጠቆመ።

ጀማል ከመንገዱ ማዶ የከሰል ምድጃ ይሠራል። ቸርኬውን ስጠይቀው መዶሻውን አስቀመጠና አንድ ያለቀ ምድጃ ገልብጦ አሳየኝ። እግሮቹ አዲስ ናቸው፤ ከጎበጠ ብረት ተቆርጠው የተቃኑ። በላያቸው ላይ ግን የጎማው ሽቦዎች ይገቡባቸው የነበሩት ቀዳዳዎች ተራ ይዘው ይታያሉ።

"ጥሩ ብረት ነበር" አለ ጀማል። "ይፈልጉታል? ለእርስዎ አስተካክላለሁ።"

ገዝቼ ልውሰድላት አሰብኩ፤ እውነቴን ነው። ምድጃ ይዤ ያንን ደረጃ ስወርድ ራሴን በዓይነ ሕሊናዬ አየሁትና ተውኩት።

የዘምዘምን ወንበር ሊሠራ የነበረው ሰው ሱቅ ከዚያው አጠገብ ነው። ሌላኛው ቸርኬ ጸድቶ፣ ዝገቱ ተፍቆ፣ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። የሆነውን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

"የሚገጥም እፈልግላታለሁ" አለ። "ዛሬ ይገኝ፣ የዛሬ ዓመት ይገኝ ግን አላውቅም። ልክ የሚገጥመው የጠፋው ጓደኛው ነበር።"

ሲመሽ፣ እትዬ ብርቄ ቤት

ተካ "እኔ ልንገራት ጋሼ" ብሎኝ ነበር። ደግ ልጅ ነው። እምቢ አልኩት።

ዘምዘም ሸሚዞቹን ጨርሳለች። ስለ ጀማልም ስለ ምድጃውም አንድ ሳልደብቅ ነገርኳት። የምትሳደብ መስሎኝ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

"ፍራሽ ከቤቴ አመጣልሻለሁ" አልኳት። "ዛሬውኑ። ወይም ሰላማዊት ጋ ደውዬ ከነገው ጭነት አስቀድማ አስቀምጣ..."

"ጋሼ" አለችኝ ረጋ ብላ፤ "ከቤትዎ ፍራሽ አልጠየቅሁዎትም። በጓሮ በር ስጡኝም አላልኩም። እኔ ሌሊቱን ወረፋዬ ደርሷል ብዬ ደስ ብሎኝ ነው ያደርኩት። እርስዎ የወሰዱብኝ ወረፋዬን ነው። ወረፋዬን ይመልሱልኝ።"

"በምን ልያዝልሽ? ቸርኬው እኮ የለም።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ትክ ብላ አየችው። "እርስዎ አሉ አይደል?"

ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ሰላማዊት ጋ ደውዬ ያደረግሁትን ነገርኳት፤ እሷም ደነገጠች፣ ለበጎ ፈቃደኞቹ ልጆች እነግራለሁ አለችኝ። ባለቤቴ በር ስትከፍትልኝ "መርካቶ እንዴት ነው? ሐይቁ ያምራል?" ብላ ቀለደች። ፊቴን አይታ ቦርሳዬን ተቀበለችኝ። ለጓደኞቼ የተላከው ፎቶ ስር የተጻፈውን ምስጋና አንድም ሳላነብ ስልኬን ዘጋሁት።

በማግስቱ ማለዳ፣ ሰባተኛ

ዛሬ ጋቢና የለም፤ በመጀመሪያው ታክሲ ተጋፍቼ መጣሁ። ሰደርያውንና ማጉያውን ትናንት ከመሄዴ በፊት ትምህርት ቤቱ ግቢ ትቻቸዋለሁ። ደብተሬንም ቤት ትቼዋለሁ፤ ይህን የምጽፈው ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ድንጋዮቹ ተመልሰዋል። ሰፈርተኛው ከቦዩ ዳር ክምር የየራሱን እየለየ አንስቶ እንደ ትናንቱ ደርድሮታል። ከግማሽ ጡቡ ኋላ አንድ ሰው የሚያቆም ክፍተት ትተዋል። ማን እንዳስተወው አልጠየቅሁም። እዚያ ገብቼ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ብርዱ በጫማዬ ሶል ገባ። ከኋላዬ የቆሙት ሴቶች እያዩኝ ይንሾካሾካሉ፤ አንዷ ሳቀች። መሳቅ መብቷ ነው።

ፀሐይ ስትወጣ ያ የትናንቱ ወጣት በጎ ፈቃደኛ ሰደርያዬን ለብሶ፣ ማጉያዬን አንግቶ ብቅ አለ። የሰላማዊት መልእክት ለእሱ እንዳልደረሰው ከአረማመዱ ገባኝ። ከበሩ ጀምሮ እያንዳንዱን ይጠይቃል። እኔ ጋ ደረሰ።

"አባት፣ እርስዎም ተቃጥሎብዎታል?"

"የለም። ለዘምዘም ነው የቆምኩት።"

"ለሌላ ሰው መያዝ ክልክል ነው። ራሷ መጥታ..." አለና አቋርጦ ፊቴን አተኩሮ አየ። "ቆይ፣ ትናንት እርስዎ አይደሉ እንዴ? 'ወረፋ የሚፈልግ በእግሩ ይቁም' ብለው ያሳዩን?"

ማጉያው ክፍት ነበር። የራሴ ቃል ከአጥር እስከ አጥር ተሰማ። ወረፋው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቴን የማደርግበት ጠፋኝ። "እኔ ነኝ" አልኩ። ድምፄ ከሰላማዊት ድምፅ ይበልጥ ተዘግቶ ነበር።

ልጁ ግራ ተጋብቶ ክንዴን ሊይዝ እጁን ሰነዘረ።

"ተው!" አለች እትዬ ብርቄ ከመንገዱ ማዶ፤ እንደ ትናንቱ እየሮጠች መጣች። "እሱን አትንካ። የዘምዘም ድንጋይ ነው።"

አንድ ሁለት ሰዎች ሳቁ፤ የቀሩት ግን አልሳቁም። ልጁ እኔንም እሷንም አየና እጁን ሰብስቦ አለፈ።

በሩ ሲከፈት ወረፋው ተንቀሳቀሰ። ጋሽ ወልዴ ገና አልደረሱም ነበር። ጎንበስ ብዬ ግማሽ ጡባቸውን ወደፊት አስጠጋሁትና ከኋላው ቆምኩ።